ያገለገለ የሸራ ጀልባ ልገዛ ነው፤ የተደበቀ ጉዳቱን በምን ልወቅ?

ጀማሪው_ቀዛፊ

ሰላም ለሁላችሁ። ያገለገለ የሸራ ጀልባ አግኝቻለሁና ምክራችሁን ፈልጌ ነው። ፋይበር ግላስ ነው። ርዝመቱ 10 ሜትር ገደማ፣ ዕድሜው ከ30 ዓመት በላይ። ኪሉ፣ ከሥሩ የተንጠለጠለው ከባድ ክንፍ ማለቴ ነው፣ የብረት ነው፤ ከገላው ጋር በብሎን ታስሯል። አሁን ከውሃ ወጥቶ በድጋፍ ላይ ቆሟል።

ባለቤቱ «መሬት ነክቶ አያውቅም» ይላል። ጨዋ ሰው ይመስላል። ጀልባውም ሲያዩት ያምራል። ገላው ተወልውሏል፣ ፍራሾቹ አዲስ ጨርቅ ለብሰዋል፣ ከውስጥ ወለሉ በታች ያለው ሆዱ ሳይቀር ነጭ ቀለም ተቀብቶ ያበራል።

ግን አንዳንድ ነገር አልጣመኝም። ኪሉና ገላው በሚገናኙበት መስመር ላይ፣ ከፊት በኩል፣ ቀጭን ስንጥቅ አለ። የመጸዳጃ ክፍሉ በር ካልገፉት አይዘጋም። የሸራው ምሰሶ ሥር ደግሞ ደኩን፣ የላይኛውን ወለል፣ ስረግጠው ረገብ የሚል መሰለኝ።

ባለሙያ መርማሪ መቅጠሬ አይቀርም። ግን ለመርማሪ ከመክፈሌ በፊት ራሴ አይቼ መለየት የምችለው ነገር ካለ ማወቅ እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?

ማዕበል

ሆዱ መቼ እንደተቀባ ጠይቀው እስቲ። የ30 ዓመት ጀልባ ሆድ ትናንት የተቀባ መስሎ ካበራ፣ ወይ ባለቤቱ ጽዳት ወዳድ ነው፣ ወይ የሚሸፈን ነገር ነበረው። የመጀመሪያው ዓይነት ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ካቻቢቴ

ማዕበል ሳቄን አመጣኸው። ግን ልክ ነህ።

ጀማሪው፣ ከስንጥቁ እንጀምር። ጀልባ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝና የማምንበትን ልንገርህ። ጉዳት የተመታበት ቦታ ላይ አይቀመጥም። ግፊትም ይጓዛል፣ ውሃም ይጓዛል። ሻጭ የሚያሳምረው ደግሞ የሚታየውን ቦታ ነው። ስለዚህ ግፊቱ የት እንደደረሰ፣ ውሃው የት ሄዶ እንደተኛ ፈልግ።

ኪል አለት ሲመታ ምን እንደሚሆን አስበው። የኪሉ ጫፍ ቀጥ ይላል። ብዙ ቶን የሚመዝነው ጀልባ ግን ገና እየሄደ ነው። የኪሉ የፊት ጠርዝ ከገላው ሊላቀቅ ወደ ታች ይጎተታል። የኋላው ጠርዝ ደግሞ ወደ ላይ፣ ወደ ጀልባው ሆድ ይወጋል። የፊቱን ስንጥቅ በስቱኮ ሞልቶ ቀለም መቀባት ቀላል ነው። ከመጨረሻው ብሎን ጀርባ ያለው የውስጥ አጥንት ግን እንደተሰበረ ይቀራል።

የውስጥ ወለሉን ክዳኖች በሙሉ አንሳ። የእጅ ባትሪህን ከላይ ወደ ታች አታብራ። ከጎን፣ ከገላው ጋር አስተኝተህ አብራው። ያኔ የፀጉር ያህል ስንጥቅም ጥላ ይጥላል። በኋለኞቹ ብሎኖች ዙሪያ ያሉትን አግዳሚ አጥንቶች አንድ በአንድ ተከተል። አጥንቱ ከገላው ጋር የተጣበቀበት ጥግ ላይ ነጭ መስመር፣ የተነሳ ጠርዝ ወይም ቀጭን ካርድ የሚያስገባ ክፍተት ካየህ፣ አገኘኸው ማለት ነው። የማይነሳ ክዳን ካለ ለምን እንደማይነሳ ጠይቅ። ትንሽ መስታወትና ስልክህን ይዘህ ግባ። አንገትህ የማይገባበት ቦታ ካሜራው ይገባል።

የፊት ስንጥቅ ብቻውን ግን ፍርድ አይደለም። በኪሉና በገላው መሐል ያለው መሙያ በዕድሜ ይደርቃል፣ ብሎንም ይላላል። ስንጥቁ ብዙ ጀልባ ላይ አለ። አንዳንዱ መጋጠሚያው ተጠርጎ እንደገና ሲሞላና ብሎኑ አምራቹ ባዘዘው ልክ ሲጠብቅ ይድናል። ከስንጥቁ ውስጥ ዝገት ያዘለ ውሃ የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን ውሃው ብሎኑ ጋ ደርሷል። የኪሉ ገጽ ላይ የምታየው ዝገት ሌላ ነገር ነው። የብረት ኪል ቀለሙ ከተላጠ ይዝጋል፤ እሱ አያስደንግጥህ።

ጀልባው በክሬን ሲነሳ ለመገኘት ሞክር። ኪሉ አየር ላይ ሲንጠለጠል ስንጥቁ ከሰፋ፣ መሬት ሲያርፍ ደግሞ ከጠበበ፣ መጋጠሚያው እየተንቀሳቀሰ ነው። ሁለቱንም ከአንድ ቦታ ሆነህ ፎቶ አንሳ።

ሸራዬ

«ትንሽ ነክቶ ነበር» የሚባለውን ነገር ቀላል አድርጎ የሚያየው ሰው ብዙ ነው። ቺኪ ራፊኪ ስለምትባለው የሸራ ጀልባ ያልሰማችሁ ካላችሁ ፈልጋችሁ አንብቡ። እ.ኤ.አ. በሜይ 2014 ከአንቲጓ ወደ እንግሊዝ ስትመለስ አትላንቲክ ላይ ኪሏ ተነቅሎ ተገለበጠች። 4 መርከበኞች ሞቱ። የብሪታኒያ የባሕር አደጋ መርማሪዎች በ2015 ሪፖርት አወጡ። ጀልባዋ ተጎትታ ስላልመጣች ምክንያቱን በእርግጠኝነት መናገር አልቻሉም። ግን ከዚያ በፊት መሬት መንካቷና በኪሏና በውስጥ ፍርግርጓ ላይ የተደረጉት ጥገናዎች ተደማምረው ኪሉ የታሰረበትን ቦታ አዳክመውት ሊሆን ይችላል ብለው ጽፈዋል።

ፍርግርግ ያልኩት ብዙ ፋብሪካ ለብቻው ሠርቶ ሆዱ ውስጥ በማጣበቂያ የሚለጥፈውን የአጥንት መረብ ነው። ችግሩ ማጣበቂያው ከሥር ሲለቅ ከላይ ምንም አይታይም። ፍርግርጉ ቦታው ላይ እንዳለ ይቀመጣል። ስለዚህ ጀማሪው፣ ዓይንህን ብቻ አትመን፣ አንኳኳው። የተጣበቀና የለቀቀ ድምፁ አይመሳሰልም።

ጀማሪው_ቀዛፊ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሄጄ አየሁት። ከክዳኖቹ አንዱ በብሎን ተይዞ ነበር፤ ባለቤቱን አስፈቅጄ ተከፈተ። የፊቱ ንጹሕ ነው። ከመጨረሻው ብሎን ጀርባ ግን በግራ በኩል አጥንቱ ከገላው በሚገናኝበት ጥግ ላይ አዲሱ ቀለም እንደ ክር ተሰንጥቋል። የእጅ መዳፍ የሚያህል ርዝመት ይኖረዋል። በቀኝ በኩል የለም።

ባለቤቱን ሳሳየው «ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ይሆናል» አለኝ።

ማዕበል

«ነክቶ አያውቅም» የነበረው «በእኔ ጊዜ አልነካም» ሆነ። ደህና እድገት ነው።

ካቻቢቴ

እዚህ ላይ ቆም ብለህ አስብ። የተሰነጠቀው አዲሱ ቀለም ነው አልክ። የድሮ ስንጥቅ ላይ ተቀብቶበት ቢሆንና ነገሩ ባይንቀሳቀስ ኖሮ ቀለሙ ሸፍኖት ይቀር ነበር። ቀለሙ ራሱ ከተሰነጠቀ፣ ከተቀባ በኋላም የተንቀሳቀሰ ነገር አለ። ወይ በሸራ ሲሄድ እየተጣመመ ነው፣ ወይ ድጋፉ ላይ ሲቀመጥ ክብደቱ ተጭኖታል። ሰውየውን ሌባ አላልኩም፣ ገዝቶ ሳያውቅ ቀብቶት ሊሆን ይችላል። መርማሪው ግን ያንን ቦታ ቀለሙን ፍቆ እንዲያይ የባለቤቱን ፈቃድ በጽሑፍ ያዝ። መርማሪ ያለ ፈቃድ አይፍቅም፣ አይበሳም፣ አይፈታም። ብዙ ገዢ ይህን አያውቅም፤ ሪፖርቱ ላይ «ሊታይ አልቻለም» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲያገኝ ይናደዳል።

ጋሼ_ኩሽኔታ

ልጄ፣ ኪሉን ወጣቶቹ በደንብ ነግረውሃል። እኔ ስለ በሩና ስለ ምሰሶው ልናገር። ሁለቱ አንድ በሽታ ሊሆኑ ይችላሉ።

ምሰሶህ ደኩ ላይ የቆመ ነው ወይስ ደኩን በስቶ ኪሉ ድረስ የሚወርድ? ደኩ ላይ የቆመ ከሆነ ከሥሩ፣ በክፍሉ ውስጥ፣ ሸክሙን ወደ ኪሉ የሚያወርድ ቋሚ አለ። አንዳንዱ ጀልባ በቋሚ ፈንታ የመጸዳጃ ክፍሉን ግድግዳ ይጠቀማል። ገመዶቹ ምሰሶውን ከግራና ከቀኝ ወደ ታች ስለሚስቡት ሸክሙ ከምሰሶው ከራሱ ክብደት እጅግ ይበልጣል። ያ ሁሉ በአንድ ጠባብ ቦታ ላይ ነው የሚያርፈው።

አሁን ውሃውን አምጣው። ደክ ማለት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቀጭን ፋይበር ግላስ፣ በመሐላቸው ባልሳ እንጨት ወይም ኮምፔንሳቶ ነው። ምሰሶው ሥር የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚወርድበት ቀዳዳ አለ። የቀዳዳው ጠርዝ በደንብ ካልታሸገ ዝናብ ወደ መሐሉ እንጨት ይገባል፣ እንጨቱ ይበሰብሳል። ደኩ ይረግባል። ደኩ ሲረግብ ገመዶቹ ይላላሉ። ባለቤቱ ደግሞ «ላልተዋል» ብሎ ያጠብቃቸዋል። ባጠበቀ ቁጥር ምሰሶው ይሰምጣል። ግድግዳው ይጫናል፣ የበሩ ክፈፍ ይጣመማል፣ በሩ አልዘጋ ይላል።

ረጅም ቀጥ ያለ ጣውላ ወይም የአልሙኒየም ቱቦ ደኩ ላይ በአግድም አስተኛ። ደክ ጎበጥ ብሎ ነው የሚሠራው፤ ምሰሶው ሥር ጎድጎድ ካለ አይዋሽህም። ከዚያ ግባና የቋሚውን እግር እይ። ብዙ ጊዜ የቆመው ከወለሉ በታች ባለ እንጨት ላይ ነው፤ ያ እንጨት ዕድሜውን ሁሉ ውሃ ውስጥ ነው የኖረው። በካቻቢቴ ጫፍ ቀስ ብለህ ጫነው። ጤነኛ እንጨት ይመልስሃል።

ግን አትቸኩል። በድጋፍ ላይ የቆመ ጀልባ ይጣመማል። አንድ የድጋፍ እግር ከሌላው በላይ ከተጫነ ጤነኛው በር እንኳ ይይዛል። የበሩን ነገር ማስታወሻ ያዝና ውሃ ላይ ሲሆን ደግመህ ሞክረው። የማይዋሽህ የግድግዳው ጠርዝ ነው። ግድግዳው ከገላው ጋር በፋይበር ግላስ ጨርቅ ተለጥፏል። ጨርቁ ከእንጨቱ ከተላቀቀ፣ ድጋፉ አይደለም ያመጣው።

ጀማሪው_ቀዛፊ

ጋሼ ክብረት ይስጥልኝ። ደኩ ላይ የቆመ ነው። ቋሚም አለው፣ እግሩ ግን ምንጣፍ ስር ነው። እከፍተዋለሁ።

ጠያቂዋ

ይቅርታ ክሩን ልጥለፈው። እኔም አንድ እያየሁ ነው። የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ ገዛሁ፤ ደኩ ላይ ሳስጠጋው ግማሹ ቀይ ያበራል። ገላው ደግሞ ሙሉ በሙሉ ቀይ ነው። ጀልባው አበቃለት ማለት ነው?

ማዕበል

ቀይ ካበራ እርጥብ ነው። ተይው። ሌላ ፈልጊ።

ሸራዬ

ማዕበል አታስደንግጣት። መለኪያው እርጥበትን በቀጥታ አያይም። ኤሌክትሪክ ከሥሩ ባለው ነገር እንዴት እንደሚያልፍ ነው የሚለካው። ከኋላው ብረት ካለ ቀይ ያበራል። የውሃ ታንክ ካለ ቀይ ያበራል። የገላው ቀለም መዳብ ያለበት የባሕር ተክል መከላከያ ከሆነ፣ አብዛኛው ደግሞ እንደዚያ ነው፣ ሙሉውን ቀይ ያደርገዋል። ጠል ወይም የደረቀ ጨው ካለም እንዲሁ። ጀልባሽ መቼ ነው ከውሃ የወጣው? ትናንት ከሆነ የገላው ቁጥር ምንም ማለት አይደለም።

መለኪያው የሚጠቅመው ለንጽጽር ነው። ደኩ ላይ አንድ እርግጠኛ የሆንሽበትን ደረቅ ቦታ ፈልጊ። ከዚያ ወደ ሐዲዱ ቋሚዎች፣ ወደ ገመድ ማሰሪያዎቹ፣ ወደ መስኮቶቹ ቅረቢ። ቁጥሩ ወደ አንድ ዕቃ ስትቀርቢ እየጨመረ፣ ስትርቂ እየቀነሰ ከሄደ ውሃው በዚያ ዕቃ ቀዳዳ ገብቷል። ያለ ምክንያት እዚህም እዚያም ከዘለለ መለኪያው ሌላ ነገር አግኝቷል።

ከዚያ አንኳኪ። መዶሻ አያስፈልግም፤ የካቻቢቴ የፕላስቲክ እጀታ ይበቃል። ጤነኛ ደክ ጥርት ያለ፣ ጠንካራ ድምፅ ይመልሳል። ሽፋኑ ከመሐሉ እንጨት የለቀቀበት ወይም እንጨቱ የበሰበሰበት ቦታ ድፍን ያለ፣ የሞተ ድምፅ አለው። ግን ድምፁን ለብቻው አትፍረጂው። ከሥር ግድግዳ ሲኖር ይለወጣል፣ የመሐሉ እንጨት በኮምፔንሳቶ ሲተካም ይለወጣል፤ ዕቃ በብሎን የሚታሰርበት ቦታ ብዙውን ጊዜ ኮምፔንሳቶ ወይም ድፍን ፋይበር ግላስ ነው። በእጅ ርቀት ልዩነት እያንኳኳሽ የተለወጠበትን በወረቀት ፕላስተር ምልክት አድርጊ። ስትጨርሺ ዞር ብለሽ ፕላስተሮቹን እያቸው። ቅርጻቸው ይናገራል። በአንድ ቋሚ ዙሪያ ክብ ከሠሩ ውሃ ነው። ቀጥ ያለ መስመር ከሠሩ ከሥሩ ግድግዳ አለ።

ካቻቢቴ

ሸራዬ ያለችው ላይ አንድ ልጨምር። ውሃ ቁልቁል ይሄዳል። የላይኛው ቋሚ ሲያፈስ ከሁሉ የበሰበሰው እንጨት የሚገኘው ከታች፣ ደኩ ከገላው ጋር ከሚገናኝበት ጠርዝ አጠገብ ሊሆን ይችላል። ሰው ቋሚውን ነቅሎ አዲስ ሲሊኮን ያደርግና «ጨረስኩ» ይላል። ፍሳሹ ቆመ፤ እንጨቱ ግን በስብሷል። ደኩ ላይ ከዕቃው ዳር የፈሰሰ አዲስ ሲሊኮን ካየህ ፍለጋውን ከዚያ ጀምረህ ወደ ታች ውረድ። ኮርኒሱን የሚከፍትልህ ዚፕ ካለ ክፈተው። የብሎኖቹን ዳዶ ከሥር ስታይ ቡናማ እንባ ከወረደባቸው የበሰበሰ እንጨት ውሃ ነው።

የቲክ እንጨት ደክ ያለው ጀልባ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ይብሳል። አሮጌ የቲክ ደክ በብዙ መቶ ብሎን ነው የተመታው፣ እያንዳንዱ ብሎን ደግሞ ወደ መሐሉ እንጨት የሚወስድ ቀዳዳ ነው። ያምራል፣ አዎ። እኔ ግን ከሰው ጀልባ ላይ ነው የማደንቀው።

ጠያቂዋ

ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። ከወጣ ገና ሳምንትም አልሞላው። የገላውን ቁጥር እተወዋለሁ።

ሌላ ጥያቄ። ከሥሩ ትናንሽ እብጠቶች አሉ። ጎረቤቴ «ኦስሞሲስ ነው፣ ሩጪ» ብሎኛል።

ማዕበል

ጎረቤትሽ ልክ ነው።

ካቻቢቴ

ጎረቤትሽ የሰማውን ነው የሚደግመው። ውሃ በጄልኮቱ፣ በገላው የውጪ ቀጭን ሽፋን፣ ውስጥ ቀስ ብሎ ያልፍና ከውስጥ ያልተቆራኘውን ኬሚካል ይሟሟል። የሚፈጠረው ፈሳሽ ተጨማሪ ውሃ ይስባል፣ ጄልኮቱን ይገፋዋል፣ እብጠት ይሆናል። ሲበሳ ይጣብቃል፣ የኮምጣጤ ሽታ አለው። የሚያብጠው ቀለሙ ብቻ ከሆነ ግን ከውስጡ የሚወጣው ተራ ውሃ ነው። ሁለቱን ሳይለዩ መሮጥ አያስፈልግም።

እብጠት ራሱ ጀልባ ሲያሰምጥ አላየሁም። የተበታተኑ ትናንሾች ብዙ ጊዜ ለመልክ ነው የሚያስጠሉት። የሚያሳስበኝ ብዛታቸው ሙሉ ገላውን ከሸፈነ፣ ወይም እንደ ሳህን ሰፋፊ ሆነው ከጄልኮቱ በታች ያለው ንብርብር ራሱ ከተላቀቀ ነው። እሱን ማንኳኳቱ ይነግርሻል። ጊዜው ደግሞ ወሳኝ ነው። እብጠት በደንብ የሚታየው ጀልባው ከውሃ በወጣ ሰዓት ነው፤ ሲደርቅ ይጠፋል። ለወራት መሬት ላይ የቆመ ጀልባ «እብጠት የለበትም» ቢሉሽ ምንም አልነገሩሽም።

አትብሺው። የራስሽ አይደለም፤ ደግሞም ግፊት ስላለው ዓይን ላይ ይረጫል።

ጋሼ_ኩሽኔታ

ከሥር ከኋላ ያለውን መሪውን ማንም አላነሳውም። የፋይበር ግላስ ጀልባ መሪ ሁለት ቅርፊት ነው፣ በመሐሉ ፎም፣ በፎሙ ውስጥ የስቴንለስ ዘንግ። በዘንጉ ላይ የተበየዱ ክንፎች አሉ፤ መሪውን የሚያዞሩት እነሱ ናቸው። ውሃ ዘንጉ በሚገባበት ቦታ ይሰርጋል። ስቴንለስ ደግሞ አየር በማያገኝ እርጥብ ቦታ ሲቆይ ይበላል። ብየዳው ይለቃል፣ ከውጪ ግን ምንም አይታይም።

ጀልባው ወጥቶ ከቆመ መሪውን ከታች ጠርዙ ተመልከት። ከወጣ ብዙ ቀን አልፎትም ቡናማ ውሃ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ውስጡ ዝገት ነው። ከዚያ አንድ ሰው ላይ ሆኖ የመሪውን እጀታ አጥብቆ ይያዝ፤ አንተ ከታች መሪውን ለማዞር ሞክር። እጀታው ሳይነቃነቅ መሪው ከዞረ ውስጡ ለቋል። ወደ ጎንና ወደ ጎን ሲገፋ ካንኳኳ ኩሽኔታው አልቋል፤ እሱ ቀላል ነው።

ማዕበል

እሺ፣ በእብጠቱ ተረትቻለሁ። ግን የውሃ መስመሩን የማያይ ገዢ ያናድደኛል።

ቁም ሳጥኖቹን፣ መሳቢያዎቹን፣ የፍራሽ ሥር ሣጥኖቹን ክፈት። ውስጣቸው ያለውን ኮምፔንሳቶ እይ። በአንድ ከፍታ ላይ፣ በጀልባው ዙሪያ ሁሉ፣ ቀጥ ያለ የቆሻሻ መስመር ካለ፣ ጀልባው አንድ ጊዜ እዚያ ድረስ ውሃ ሞልቶት ነበር። ሻጭ ፍራሽ ይለውጣል፣ ቀለም ይቀባል። የመሳቢያውን የኋላ ጀርባ ግን ማንም አይቀባም። ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖ እይ፤ ታች ስለሆነ መጀመሪያ የሚሰምጠው እሱ ነው። ከቀረው የሞተሩ ክፍል በተለየ ዝጎ ከሆነ ወይም እሱ ብቻ አዲስ ከሆነ ለምን እንደሆነ ጠይቅ። ሽቦዎቹን ጫፋቸው ላይ ትንሽ ላጥ አድርገህ እይ። መዳቡ ጠቁሮ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ከፕላስቲኩ ሥር ወደ ውስጥ ከገባ ሽቦው ጨው ጠጥቷል።

ሞተሩን ደግሞ ቀዝቃዛ ሆኖ ነው የምታስነሳው። ስትደርስ መጀመሪያ እጅህን አስቀምጥበት። ሞቅ ካለ ሰውየው ቀድሞ አስነስቶት ነበር፤ ምን ለመደበቅ እንደሆነ አታውቅም። ሌላ ቀን ተመለስ።

ሸራዬ

ማዕበል ይሄኛው ጥሩ ነው። ጭሱንም ጨምርበት። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው። ጥቁር ከሆነ ናፍጣው በዝቶበታል ወይም ሞተሩ ከአቅሙ በላይ እየሠራ ነው፤ ምናልባትም ፕሮፔለሩ ቆሽሾ። ነጭ ሆኖ ካልጠፋ ወይ ያልተቃጠለ ናፍጣ ወይ እንፋሎት ነው። የዘይት መለኪያው ላይ ያለው ዘይት ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፣ እዚያው ጨርሱ። የሴልድራይቭ ሞተር ከሆነ፣ ማለትም ፕሮፔለሩን የሚያዞረው እግር ገላውን በስቶ ወደ ታች የሚወርድ ከሆነ፣ ገላው ላይ ያለውን ትልቁን የጎማ ማሸጊያ መቼ እንደተለወጠ ደረሰኝ ጠይቁ። አምራቹ ቮልቮ ፔንታ በየ7 ዓመቱ ይለወጥ ይላል። ያ ጎማ ከተቀደደ ውሃ የሚገባበት ቀዳዳ በጣም ትልቅ ነው።

ጀማሪው_ቀዛፊ

ብዙ ተማርኩ። ገላውን በስተው የሚወጡት የውሃ ቫልቮችስ? ሲከፈቱም ሲዘጉም አይከብዱም። ያ በቂ ነው?

ካቻቢቴ

አይደለም። መዞሩ ስለ እጀታው ነው የሚናገረው። ቫልቩ ከምን እንደተሠራ እወቅ። ነሐስ ከሆነ ረጅም ዕድሜ አለው። ተራ ናስ ከሆነ ግን በጨው ውሃ ውስጥ ዚንኩ ቀስ እያለ ይወጣና ስፖንጅ የመሰለ መዳብ ይቀራል። ቅርጹ አይለወጥም፣ ጥንካሬው ግን የለም። በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ፈግፍገው። ቢጫ ካበራ ደህና፤ ሮዝ ካለ እየሞተ ነው። አዲስ የሚባል ጀልባ ላይም እንዳትዘናጋ። ብዙ ፋብሪካ ሲከተለው የኖረው ዓለም አቀፍ መስፈርት፣ አይሶ 9093 የሚባለው፣ ዝገትን ይቋቋማል ሲል የነበረው 5 ዓመት ያለ ችግር የሚያገለግለውን ነው። አምስት ዓመት ብቻ!

የሸራውን ምሰሶ የሚይዙትን የብረት ገመዶችም እንዳትረሳ። በስቴንለሱ ካቦ ላይ ጨርቅ አሽሸህ ሂድ፤ የተበጠሰ ክር ካለ ጨርቁን ይይዘዋል። በእጅህ አይደለም፣ ይቆርጥሃል። በብዛት የሚበጠሰው ካቦው ወደ ማያያዣው በሚገባበት ከታች ነው፣ ውሃ የሚቋጥረው እዚያ ነውና። ኢንሹራንሶች ከ10 እስከ 15 ዓመት ያለፈውን ካቦ ሲያዩ ቀይር ማለታቸው የተለመደ ነው። ካቦው የታሰረበት ብረት ደኩን በስቶ ወደ ታች የሚወርድበትን ቦታ ደግሞ በውስጥ በኩል እይ። ብረቱ ከላይም ከታችም እያበራ በደኩ ውፍረት ውስጥ ብቻ የተበላ አጋጥሞኛል። ከሥሩ ያለው ግድግዳ ከጠቆረ ውሃው ለብዙ ጊዜ ሲወርድበት ቆይቷል።

ጀማሪው_ቀዛፊ

የቋሚውን እግር ከፈትኩት። እንጨቱ ጠንካራ ነው፣ ካቻቢቴ አልገባለትም። ጣውላውን ደኩ ላይ ሳስተኛው ግን በመሐሉ ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። ስለዚህ የደኩ እንጨት ይመስለኛል። ባለቤቱ ቀለሙን መፋቅም ከኪሉ አንድ ብሎን ማውጣትም ፈቀደ። መርማሪ ይዣለሁ፤ ደላላው የጠቆመኝን ትቼ ራሴ የፈለግኩትን።

ያየሁትን ሁሉ አስቀድሜ ልንገረው ወይስ ራሱ ያግኘው?

ማዕበል

አትንገረው። ካላገኘው መርማሪ አይደለም።

ሸራዬ

ንገረው። የምትከፍለው ለሰዓቱ ነው፣ እየፈተንከው አይደለም። «እዚህ ጋ ቀለሙ ተሰንጥቋል፣ እዚህ ጋ ደኩ ረግቧል» በለውና ሰዓቱን እነሱ ላይ ያጥፋ። ሞተሩንና ምሰሶውን ጨምሮ ያያል ወይስ ገላውን ብቻ፣ እሱን ግን አሁኑኑ አጣራ። ብዙዎቹ ምሰሶ ላይ አይወጡም።

ጋሼ_ኩሽኔታ

ከሸራዬ ጋር ነኝ። ጣት የሚያስገባው ክፍተት ደግሞ ትንሽ አይደለም፣ ልጄ። የደኩ ጥገና ከላይ ተከፍቶ እንጨቱ ተቆርጦ ወጥቶ ነው የሚሠራው፣ ምሰሶውም መውረድ አለበት። ዋጋ ስትነጋገር እሱን አስበህ ተነጋገር።

ጀማሪው_ቀዛፊ

እሺ ጋሼ። የመጨረሻ ጥያቄ ለካቻቢቴ። ብሎኑ ሲወጣ እኔም እዚያው ነኝ። ምኑን ነው የማየው?

ካቻቢቴ

ከኋላ ያለውን አስወጣ፣ ከስንጥቁ አጠገብ ያለውን። ኪልህ የብረት በመሆኑ ዕድለኛ ነህ፤ ብሎኑ ብዙውን ጊዜ ተፈትቶ ይወጣል። የእርሳስ ኪል ቢሆን ብሎኑ አብዛኛውን ጊዜ እርሳሱ ቀልጦ ሲፈስ ውስጡ የተቀበረ ስለሚሆን ኪሉን ካላወረዱ ወይም ራጅ ካላነሱት አይታይም ነበር። ማን እንደሚያወጣውና ማን አሽጎ እንደሚመልሰው ቀድማችሁ ተስማሙ፤ ጀልባውም በደንብ ተደግፎ ይሁን።

ሲወጣ በሽቦ ብሩሽ አጽዳው። ዳዶው የነበረበትን ጫፍ ተወው፣ እሱ ሁልጊዜ ያበራል። ገላውና ኪሉ በሚገናኙበት ከፍታ ላይ የነበረውን ክፍል ፈልግ። ካሊፐር ይዘህ ሂድና ውፍረቱን እዚያና ጥርስ በሌለው ጤነኛ ቦታ ለካ። በመሐል ወገቡ ከቀጠነ፣ ወይም በጥፍርህ የሚያዝ ጉድጓድና ወደ ውስጥ የሚገባ ጥቁር ስንጥቅ ካለ፣ ሌሎቹም እንደሱ ናቸው ብለህ ያዝ። ንጹሕ ከሆነ ደግሞ ከፊት አንድ ሌላ እንዲወጣ ጠይቅ። ቀዳዳውን ሳይዘጉት በፊት በባትሪ ወደ ውስጥ እይ። ውሃ ካለበት የቱን ያህል እንደሆነ ፎቶ አንሳና እዚህ ለጥፈው።